ጠብታው እስኪመጣ አትጠብቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ደሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ የዓይን ሞራን ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያሟሟ ጠብታ ተገኘ ብላችሁ ጽፋችኋል። ጽሑፉ ውሸት ነው አልልም። ግን ታሪኩን ግማሽ ላይ ቆርጦታል፣ የተቆረጠው ግማሽ ደግሞ እዚህ ሰው እየጎዳ ነው።

ጋዜጣውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው የሚመጡ አሉ። ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ጎራ ይሉና "ይቺ ጠብታ አለቻችሁ?" ይላሉ። የለም ስንል "አዲስ አበባስ?" ይከተላል። ቀዶ ሕክምና ተቀጥሮላቸው የነበሩ አንድ አባት "ወላሂ ልጄ፣ ዓይኔን ምላጭ ከሚነካው ጠብታውን እጠብቃለሁ" አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፣ ዓይን ነው። ግን የሚጠብቁት ነገር እኮ ገና የለም!

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ላኖስቴሮል የሚባል፣ ሰውነታችን ኮሌስትሮል ሲሠራ በመሐል የሚያመርተው ነገር አለ። ተመራማሪዎች ከልጅነታቸው ሞራ የያዛቸው ልጆች ያሉባቸውን ቤተሰቦች ሲመረምሩ ይህንን ነገር የሚሠራው ዘረመል ተበላሽቶ አገኙት። ከዚያ ሞራ ያለባቸው ውሾች ዓይን ውስጥ በመርፌም በጠብታም ሰጥተው ሌንሱ (ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን ክፍል፣ ሞራ ማለት የእሱ መደፍረስ ነው) ጠራ ያለ መሰላቸው፣ ውጤቱም ኔቸር በሚባለው ትልቅ መጽሔት ወጣ። የእናንተ ጽሑፍ እዚህ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ከሰው ዓይን በቀዶ ሕክምና የወጣ ሞራ ላኖስቴሮል ውስጥ ለቀናት ዘፍዝፈው አዩት። አልጠራም። በ2019 ደግሞ በአይጥ ሌንስ ተሞከረ፣ እሱም አልሆነም። እስካሁን ድረስ የሰውን የዓይን ሞራ እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ጠብታ የለም።

ለምን ይሄን ያህል አስቸጋሪ ሆነ? ይህን ብትጽፉልን አንባቢ በጣም ይጠቀም ነበር፣ ምክንያቱም የዓይን ሌንስ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ብሌን ከሚባለው ቀዳዳ ጀርባ ነው ያለው። ደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ቆዳችን አሮጌውን እያራገፈ አዲስ ይተካል፤ ሌንስ ግን የሚጥለው ነገር የለም፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ እየደረበ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ያለው ክፍል እናታችን ማህፀን ውስጥ እያለን የተሠራው ራሱ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ሥራ ይህንን ተጠቅመው ከሌንስ ውስጥ ባለው ካርቦን ብቻ አንድ ሰው መቼ አካባቢ እንደተወለደ መገመት ችለዋል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ በተደረጉት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየሩ ውስጥ የበዛው ካርቦን-14 የሚባል የካርቦን ዓይነት ሌንሱ ውስጥ ምልክቱን ትቶ ስለሚቀር ነው። በ2016 ደግሞ በሌንስ ካርቦን የግሪንላንድ ሻርክ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ዕድሜ ተለካ፣ ትልቋ ቢያንስ 272 ዓመት እንደኖረች ተገመተ። እኔ ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሰባ ዓመት ሙሉ ሳይተካ፣ ሳይታደስ፣ ግልጽ ሆኖ መቆየት ያለበት ፕሮቲን ነው። ክሪስታሊን ይባላል። ከእነሱ ውስጥ አልፋ የሚባለው ዓይነት ሌሎቹ ተበላሽተው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃል፣ ይህንን ያሳየው ጥናት የወጣው በ1992 ነው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ስኳር በሽታ ሲኖር፣ ሲጋራና ፀሐይ ሲበዛ ግን ጠባቂውም ይደክማል። ፕሮቲኖቹ ይጓጉላሉ፣ ብርሃኑም ሳያልፍ ይበተናል። የእንቁላል ውሃው እሳት ሲነካው እንደሚነጣው ማለት ነው፣ ያንን መልሶ ግልጽ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የሚሠራው መንገድ ግን አለ፣ ከ70 ዓመት በላይም ሆኖታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያይ፣ ስባሪው ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተዋለ። ከዚያ በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ አስገባ። ዛሬ ዓይኑ ይደነዝዛል፣ በትንሽ ቀዳዳ የጨለመው ሌንስ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይሄዳል።

ሌላው "ሞራው ይብሰል፣ ከዚያ ይወጣል" የሚባለው ምክር ነው። ይህ የድሮ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ምክር ነው። አሁን ሞራው ኑሮን ማወክ ሲጀምር ማውጣት ይቻላል። ከመጠን በላይ ሲቆይ ይጠነክራል፣ ለማውጣት ይከብዳል፣ አንዳንዴም የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የማየት ነርቭ ይጎዳል። ያኔ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። በቀዶ ሕክምና ሊመለስ የሚችል ማለት ነው እኮ!

ስለ ጠብታ ካነሳን ደግሞ አንድ የሚያናድደኝን ልጨምር። ልጆች ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው ወላጅ ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ ጠብታ ገዝቶ ለወራት ያንጠባጥባል። ይህ መድኃኒት ሳይቋረጥ ሲቆይ ራሱ ሞራ ያመጣል፣ ግላኮማም (የማየት ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ) ያመጣል። ያለ ማዘዣ የምንሸጥ ባለሙያዎች ማቆም አለብን። ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ አደገኛው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ስለዚህ ባርኔጣው ለገበሬ ብቻ አይደለም።

አዘጋጆች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የላኖስቴሮሉን ቀሪ ታሪክ በሚቀጥለው እትም አውጡት። የዓይን ሐኪም አነጋግሩ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ሞራ ሲያወጡ የሚውሉ ባለሙያዎች አሉ። ቀጠሮ ያለው ሰው ቀጠሮውን እንዳይሰርዝ በግልጽ ጻፉ። ርዕሱም የመጀመሪያውን ያህል ጎላ ብሎ ይውጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ