ለየካ አባዶ የእርሳስ ሥዕል ቡድን አባላት፦ ስለ ቅዳሜው ሥራ

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ የምንሥለው ጀበናና ሁለት ሲኒ ይሆናል። ዕቃዎቹን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቃቸው እጃችን ዓይናችንን ሳይጠብቅ መቅደሙ አይቀርምና፣ ወረቀቱን ከመንካታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ በጸጥታ እንድትመለከቷቸው አሳስባለሁ።

ባለፈው በቀረቡት ብዙዎቹ ሥዕሎች የሲኒው አፍ ሞላላ ሲሆን መቀመጫው ቀጥ ባለ መሥመር ተዘግቷል። ሲኒውን ከላይ ሆነን ስናይ ግን ክቡ ከዓይናችን ከፍታ ዝቅ ባለ መጠን ሞላላው እየተከፈተ ስለሚሄድ፣ የመቀመጫው ቅስት ከአፉ ቅስት ይበልጥ የጎበጠ ሆኖ ይታያል። የሞላላው ጫፎችም ክብ እንጂ ሹል አይደሉም።

ጀበናው ላይ የሚያስቸግረው እጀታው ነው። እጀታውን ራሱን ከመከተል ይልቅ በእርሱና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንደ አንድ ቅርጽ ብትሥሉት ልኩ በቀላሉ ይገኛል። በጥላው ወገን ጠርዝ ላይ ከጠረጴዛው ተመልሶ የሚያርፍ ደብዛዛ ብርሃን አለ፤ ብርሃን በቀጥታ ከሚያገኘው ጎን ግን ምንጊዜም የጠቆረ መሆኑን ልብ በሉ።

ለንድፉ ኤችቢ የተባለው መካከለኛ እርሳስ ይበቃል። 6ቢ የተባለው እርሳስ ደግሞ በውስጡ ካለው ሸክላ አፈር ይልቅ ግራፋይቱ (የሚጽፈው ጥቁር ማዕድን) ስለሚበዛ ለስላሳና ጥቁር ነው፤ ቀድሞ ከገባ ወረቀቱን ያቆሽሻልና ለመጨረሻው ጥላ ይቆይ። ጥላን በጣት ማሸት፣ በእኔ አስተያየት፣ ያልታየን ነገር መሸፈኛ ነው።

አምፖሉ ጠፍቶ በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ስለምንሠራ በጠዋት እንድትገኙ፣ ላጲስና መቅረጫም እንዳትረሱ።