ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጅሽ በኔዘርላንድ ሜይ 5 የነጻነት ቀን ሆኖ ሲከበር አይታ፣ ያው ዕለት በእኛም አገር የድል በዓል መሆኑን ስትሰማ «እንዴት አንድ ቀን ሊሆን ቻለ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ጽፈሽልኛል። ጥያቄዋ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በዓሉን የምናከብር ብዙዎች ብንሆንም ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ መምጣቱን የምናስብ ጥቂቶች ስለሆንን መልሱን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍልሽ ወደድሁ።

የመጀመሪያው የ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ነው። ጦራችን መጋቢት 22 በማይጨው ድል ከተመታ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ፤ አዲስ አበባም ጠባቂ አጥታ ስትዘረፍና ስትቃጠል ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ በመኪና የተጫነ ጦሩን አስከትሎ ገባ፤ በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ጦርነቱ አበቃ ብሎ አወጀ። ነገር ግን አላበቃም። የከተማይቱ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ዱር ወጡ፤ በጎጃም በላይ ዘለቀ ተነሣ፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ እናቶች ደግሞ ጠላት በያዘው ከተማ ተቀምጠው አርበኛውን በምስጢር ይረዱ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ የፈሰሰው የንጹሐን ደም የአምስቱ ዓመት ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ይናገራል።

ሁለተኛው የ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ተሻግረው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ አዲስ አበባም በዚያው ዕለት ከምሥራቅ ለመጣው ለእንግሊዙ ጄኔራል ለከኒንግሃም ጦር እጇን ሰጠች። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ አዛዦች በከተማይቱ ያሉት ጣሊያኖች የበቀል ሰለባ ይሆናሉ ብለው ስለሰጉ ግርማዊነታቸው ወደ ዋና ከተማቸው ቶሎ እንዳይገቡ አዘገዩአቸው። በመጨረሻ በፍቼ አድርገው፣ በእንጦጦ ወርደው የገቡት ባዶሊዮ የገባበት ቀን ልክ አምስት ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። ይህ እንዲያው የደረሰ አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም፤ ጠላት የድሉ መታሰቢያ ያደረገውን ቀን ከእጁ መንጠቅ ነበር። በዚያን ቀን ከጦራቸው ጋር ከተቀበሏቸው መካከል እኒያው አበበ አረጋይ እንደነበሩ ለልጅሽ ሳትነግሪያት አትለፊ። ንጉሠ ነገሥቱም ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አደራ ብለዋል፤ እኔ ከዚያ ቀን ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ጦርነቱ በዚያ ዕለት አልተጠናቀቀም። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን የሰጠው ግንቦት 11 ነው፤ የጎንደሩ ጦርም እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይቷል። ደርግ የንጉሡን መመለስ ማሰብ ስላልፈለገ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከደርግ መውደቅ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ከጠላት መውጣቷ እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ሚያዝያ 27 ግን መጋቢት 28 ሊያስታውሰን አይችልም።

አሁን አንቺ ወዳለሽበት አገር ልምጣ። ጀርመኖች ኔዘርላንድን በሜይ 1940 ወረሩ፤ ንግሥት ዊልሄልሚና ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። የእኛ ንጉሠ ነገሥት ያን ጊዜ ገና በባዝ ከተማ በስደት ላይ ስለነበሩ ወደ ሱዳን እስከ ተጓዙበት እስከ ጁን ድረስ ሁለቱ በአንድ አገር ስደተኞች ነበሩ። የኔዘርላንድም መከራ አምስት ዓመት ነው፤ በመጨረሻው ክረምት በምዕራቡ ክፍል ብዙ ሺህ ሰው በረሃብ አልቋል። ሜይ 5 ቀን 1945 የካናዳው ጄኔራል ፎልክስና የጀርመኑ ጄኔራል ብላስኮቪትዝ በዋኸኒንገን ከተማ ስለ እጅ መስጠቱ ተነጋገሩ። ደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ግን ከዚያ በፊት በ1944 ነጻ ወጥቶ ስለነበር የእነርሱም ቀን እንደ እኛው ከብዙ ቀኖች መካከል የተመረጠ ነው። ሜይ 4 ማታ በ2 ሰዓት አገሩ ሁሉ ለሁለት ደቂቃ በዝምታ ሙታኑን ያስባል፤ በማግስቱ ይደሰታል። እኛ ኀዘኑንም ደስታውንም በአንድ ሚያዝያ 27 ላይ አሸክመነዋል፤ ስለዚህም ይመስለኛል ደስታው ኀዘኑን የሸፈነብን።

ስለዚህ ለልጅሽ እንዲህ በያት፦ የእኛ ሁለት ሚያዝያ 27ቶች አንድ ቀን ላይ የዋሉት በሰው ፈቃድ ነው፤ ከኔዘርላንድ ጋር መግጠማችን ግን አጋጣሚ ነው። «በየዓመቱ አይለዋወጥም ወይ?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ የእኛና የእነርሱ አቈጣጠር በአንድ ቀን የሚዛነፈው ከጳጉሜን እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሚያዝያን አይነካውም። በእነርሱ 2100 ዓ.ም. ግን ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖር ሚያዝያ 27 ወደ ሜይ 6 ይሻገራል። እስከዚያ ድረስ እርሷም ልጆቿም ሁለቱን በዓላት በአንድ ቀን ማክበር ይችላሉ።

አባትሽ