አዳማ ከማን ጋር ትቆጠር?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ወረርሽኝ ሲመጣ አገር በሙሉ ይዘጋ ወይስ እያንዳንዱ ክልል ለራሱ ይወስን? ክርክሩ ኮሮና ካለፈ በኋላም አልበረደም። አዳማ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የምለው አለኝ።

ክልል ይወስን የሚሉት ማስረጃ አላቸው። የጣሊያን ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. የአገራቸውን 20 ክልሎች እንደ መረብ ያያያዘ ሞዴል ሠርተው ነበር። እያንዳንዱ ክልል የሆስፒታሉን አቅም እያየ ቢዘጋና ቢከፍት፣ ሁሉንም ባንዴ ከመዝጋት ይልቅ ኢኮኖሚው ያነሰ እንደሚጎዳ አሳዩ። እስማማለሁ። ችግሩ ከውጭ የሚገባው ሰው ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ በአንድ ብር ሳንቲም አሳያቸዋለሁ። አንድ ታማሚ በአማካይ ሁለት ሰው የሚያስይዝ ከሆነ፣ ቀላል በሆነው የሒሳብ ሞዴል አንድ ታማሚ ከተማ ገብቶ የጀመረው ሰንሰለት በራሱ የመቋረጥ ዕድሉ ግማሽ ነው። አምስት ታማሚ ለየብቻ ከገቡ ግን አምስቱም ሰንሰለት የመቋረጣቸው ዕድል ከ32 አንድ ይሆናል። አምስት ሳንቲም ባንዴ ወርውሮ አምስቱንም አንበሳ እንደማግኘት ነው። አንዷ ተማሪዬ እስኪደወል ወርውራ አልሆነላትም።

እና አዳማ በቀን ስንት ሳንቲም ይወረወርባታል? በመጋቢት 2012 ኦሮሚያ የከተማ ለከተማ የሕዝብ ትራንስፖርት ሲያግድ መናኸሪያችን ጭር አለ። የጅቡቲ ከባድ መኪና ግን አልቆመም፤ ነዳጁም ስንዴውም የሚገባው በዚያ ነበርና ሊቆምም አይችልም ነበር። በሰፈራችን መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው እናት ተሳፋሪ ደንበኞቿን አጣች፣ ሾፌሮቹ ግን እንደወትሮው ስኒ ይዘው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። (እኔም አልቀረሁም፣ ልዋሽ አልችልም።)

አሁን "ክልል" የሚለውን እንየው። በክልል ከተቆጠርን፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነቀምት ላይ በተነሳ በሽታ አዳማ ልትዘጋ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር የማትሞላው አዲስ አበባ ግን "ሌላ አስተዳደር" ስለሆነች መንገዱ ክፍት ይቆያል። ሞዴል የሚሠራ ሰው ይህን ካርታ ቢሰጡት ይመልሰዋል። የሚፈልገው ከየት ወደ የት ስንት ሰው እንደሚሄድ ነው።

ያ ቁጥር ደግሞ በእጃችን አለ። የፍጥነት መንገዱ የክፍያ ጣቢያ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይቆጥራል፤ መናኸሪያውም ስምሪቱን ይመዘግባል። የሚቀጥለው በሽታ ሳይመጣ እነዚህ መዝገቦች ለጤና ቢሮዎች ይድረሱ፤ አዳማም በዚያ ስሌት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ቋት ውስጥ ትግባ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ