የቲቸር ግራ እጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እኔ ባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የምወስድ አስጎብኚ ነኝ። ልጆቼን የማሳድገው በእንግሊዝኛዬ ነው። ያንን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝን ሰው አንባቢ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቲቸር የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበሩ፤ ናቅፋ ግንባር። ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የለም። በግራ እጅ መጻፍ የለመዱት ከቆሰሉ በኋላ ነው። ጽሑፋቸው ግን ሲያምር! እንግሊዝኛ የጀመሩት ምሽግ ውስጥ፣ ሽፋኑ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። በቀን አምስት ቃል። መዝገበ ቃላቱን አይቼዋለሁ፤ ገጾቹ ላይ የሻማ ጠብታ አለ።

ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቀን ገበያ ላይ ተሸክመው፣ ማታ ተምረው መምህር ሆኑ። “ወታደር ደግሞ ምን ያስተምራል?” ያላቸው ወላጅ ነበር። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ስለ ጦርነቱ እንዲያወሩን ለመንናቸው። “ልጆቼ፣ ዛሬ የምንማረው የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው” አሉ። ሰሌዳው ላይ “ጓደኛ ነበረኝ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ቆዩ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው የጀልባ ልጆችን በነጻ ያስተምራሉ። እባካችሁ፣ ጋዜጠኛ ላኩና ታሪካቸውን ከራሳቸው አፍ ስሙ። እኔ ራሴ አደርሳችኋለሁ።

አስጎብኚው ተማሪያቸው፣ ከባሕር ዳር