ስለ ማርስ ጉዞ ስንጽፍ ጨረሩንም እንቁጠረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰውን ማርስ ላይ ስለማሳረፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በምሳ ሰዓት ከባልደረቦቼ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው። ስለ ሮኬቱ ቁመትና ስለ ነዳጁ ብዙ ተብሏል። መንገደኞቹን የሚያገኛቸው የጠፈር ጨረር ግን የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም መፍትሔ እንደሚገኝለት ተስፋ ሰጥቶ ያልፋል። እኔን ያስጻፈኝ ይህ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ ባለ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ። ደረቴ ላይ የማንጠለጥላት ትንሽ የጨረር መለኪያ በየጊዜው ትነበብና የወሰድኩት መጠን ይመዘገባል። ለእኛ ዓይነት ሠራተኛ ዓለም አቀፉ ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚወስደው ጨረር መለኪያ) ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ኪዩሪዮሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ተነሥታ በነሐሴ 2012 ማርስ እስክታርፍ ድረስ በመንገድ ላይ የለካችው በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ገደማ ነበር። የእኔ የዓመት ድርሻ በ11 ቀን አለቀ ማለት ነው! ተመራማሪዎቹ የደርሶ መልሱን መንገድ 360 ቀን አድርገው ሲያሰሉ ወደ 660 ሚሊሲቨርት ደረሱ። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚፈቅደው 600 ነው፤ ማርስ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ገና አልተደመረም።

ከባልደረቦቼ አንዱ፣ «እንደ እኛ የእርሳስ ሽርጥ ይልበሱ» አለ። ሽርጣችን ራጅን ይመክታል። ከሩቅ ከዋክብት ፍንዳታ የሚመጡት ከባድ ቅንጣቶች ግን እርሳሱን ሲመቱ የአተሙን እምብርት ሰባብረው ሌሎች ቅንጣቶችን ይረጫሉ፤ መከለያው ራሱ የጨረር ምንጭ ይሆናል። የሚሻለው ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው፦ ውሃ ወይም ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ። ውሃውንና ስንቁን በመኝታው ዙሪያ መደርደር የሚለውን ሐሳብ የምወደው ለዚህ ነው፤ ለሚጠጣና ለሚበላ ነገር ተጨማሪ ክብደት አይከፈልበትም። በተለይ ለፀሐይ ማዕበል፣ ማለትም ፀሐይ በድንገት ለምትረጨው የቅንጣት ጎርፍ፣ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 የአሜሪካው የጨረቃ ጉዞ አፖሎ 16 ተመልሶ አፖሎ 17 ሳይነሣ የተከሰተው ማዕበል ጨረቃ ላይ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ክፉኛ በጎዳው ነበር።

ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ቫለሪ ፖልያኮቭ በሚር የጠፈር ጣቢያ 437 ቀን ቆይቶ በደህና ተመልሷል የሚለው ክርክርም አያሳምነኝም። ጣቢያው ከመሬት የራቀው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ በመሆኑ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ይከልለው ነበር። የማርስ መንገደኛ ያ ከለላ የለውም። እዚያ ሲደርስ ከአፈር ሥር መኖር ይችላል፤ ለመንገዱ ግን ከመከለያ ይልቅ ጊዜውን ማሳጠር ይበልጣል ባይ ነኝ። ስለዚህ ሮኬቱን ከማግዘፍ ይልቅ በኑክሌር ኃይል ለሚገፋ ፈጣን ሞተር ገንዘብ ቢወጣ እመርጣለሁ።

በጉዳዩ ላይ ተከታታይ ጽሑፍ እንደምታወጡ ገልጻችኋል። ለሚቀጥለው እትም አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ አነጋግሩልን፤ የጨረሩ መጠንም እንደ ነዳጁ ሁሉ በአኃዝ ይቀመጥልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራጅ ባለሙያ
አዲስ አበባ