ሰፈሩን ያልለቀቀው ልጅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 8 ቀን 2017

ወንድሜ እንዴት ነህ፣ እማዬስ እንዴት ናት? ፍልሰታን ስትጾም ጉልበቷን አሟት ነበር ብለኸኛል፣ አደራ ሐኪም ጋ ውሰዳት፣ ብሩን ባለፈው ሳምንት ልኬያለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በቀደም ስንደዋወል ስለ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጀምሬልህ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ አንተም ያ በእጅ የሚይዙት ኳስ ምን እንደዚህ ያስጨንቅሃል ብለኸኝ ነበርና እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ከገባ ዓመት ሞላው፣ ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን እኔ ማታ ማታ ስለምሰራ እሱም ዶርም ስለገባ የምንገናኘው በቴክስት ብቻ ነበር፣ በልተሃል? አዎ፣ በቃ እሷ ናት። አምና ጳጉሜ ላይ ግን አባዬ ጌም እንግባ አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ከሚሺጋን ስቴት ጋር ነበር፣ 27 ለ 24 ተሸነፍን፣ እኔ ምኑም አልገባኝም ነበር ግን እሱ አጠገቤ ቆሞ እየጮኸ በመሀል በመሀል ያስረዳኝ ነበር፣ አራት ሙከራ አላቸው፣ በአራቱ አስር ያርድ ወደፊት መሄድ አለባቸው፣ ዘጠኝ ሜትር በለው፣ ካልሆነ ኳሱን ይለቃሉ፣ ኳርተርባክ የሚባለው ነው ሁሉንም የሚያዘው ምናምን እያለ። ልጄ እንደዛ ብዙ ሲያወራኝ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አልነግርህም።

ከዛ በኋላ ነው ሲዝኑ የተበላሸው። 12 ጌም ተጫውተው 4 አሸነፉ 8 ተሸነፉ፣ በራሳቸው ሊግ በቢግ ቴን ውስጥ ደግሞ ያሸነፉት አንድ ብቻ፣ እሱም ዩኤስሲ የሚባለውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ነጥብ፣ 29 ለ 28። የዛን ቀን ተማሪው በሙሉ ሜዳ ገባ፣ ልጄም ገብቶ ከሜዳው መሀል ደወለልኝ፣ ድምፁ አይሰማም ጩኸት ብቻ፣ እኔ ስራ ላይ ሆኜ ስልኩን ሳልዘጋ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ከዛ አምስቱን በተከታታይ ተሸነፉ፣ የመጨረሻውን በፔን ስቴት 44 ለ 7። አንተ ታውቀዋለህ ይሄን ስሜት፣ አምና ንግድ ባንክ ዘንድሮ መድን ዋንጫውን ሲወስዱ የጊዮርጊስ ልጅ እንዴት እንደከረመ አንተው ነህ የነገርከኝ።

ምክንያቱ አቅም ብቻ አልነበረም። አሰልጣኙ ማይክ ሎክስሊ በቅርቡ ራሱ አመነ፣ ሎከር ሩሙ ከእጄ ወጥቶ ነበር አለ፣ ተጫዋቾቹን አንድ አድርጌ መያዝ አቃተኝ ማለቱ ነው። ነገሩ ገንዘብ ነው። ድሮ የኮሌጅ ተጫዋች ሳንቲም አይከፈለውም ነበር፣ ከ2021 ወዲህ ግን በስማቸው ማስታወቂያ ሰርተው ያገኛሉ፣ አንዱ ብዙ ያገኛል ጎኑ ያለው ምንም የለውም፣ እንዲህ ሆኖ እንዴት አብረው ይታገላሉ? ካለፈው ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ይችላሉ። ሎክስሊ ይባረር የሚል ብዙ ሰው አለ፣ እኔ አልስማማም፣ ሰውዬው እዚሁ ዲሲ የተወለደ ነው፣ ከ2021 እስከ 2023 ሶስት ዓመት በተከታታይ ቡድኑን ቦውል፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ጥሩ የሰሩ ቡድኖች የሚጋበዙበት ጨዋታ ነው፣ አስገብቶ ሶስቱንም አሸንፏል። ያጠፋውን በአደባባይ ያመነ ሰው አንድ ዕድል ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሁን ተስፋችን ማሊክ ዋሽንግተን የሚባል ልጅ ነው። ገና ከሃይስኩል የወጣ ኳርተርባክ፣ የግሌን በርኒ ልጅ ነው፣ ከዚህ ቅርብ ነው። ዩሲኤልኤ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ከመጣው ከጀስቲን ማርቲን ጋር ለቦታው እየተፎካከሩ ነው፣ ማን እንደሚጀምር ገና አልተነገረም። የዚህ አካባቢ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሁሌ ወደ ትላልቆቹ ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ሌላ ቦታ መሄድ እየቻለ እዚሁ ቀረ፣ ቤተሰቡ በመኪና መጥቶ ያየዋል። ልጄ ይሄን ሲነግረኝ አንተ ትዝ አልከኝ። ያኔ አሜሪካ መምጣቱ ለሁለታችንም ነበር የታሰበው፣ አንተ ነህ እማዬን ማን ይይዛታል ብለህ የቀረኸው፣ እኔ ወጣሁ። ይሄን በስልክ ብዬህ አላውቅም።

የምንመኘው ዋንጫ አይደለም፣ ስድስት ጌም ነው፣ ስድስት ያሸነፈ ቦውል ይገባል። መስከረም 10 ዊስኮንሲን ሄደው ይጫወታሉ፣ አምና የኛ ኳርተርባክ የነበረው ቢሊ ኤድዋርድስ ወደዛ ነው የሄደው፣ ልጄ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቷል። እሱን ካለፍን ስድስቱ ይሞላል ብዬ አምናለሁ፣ በእውነት አምናለሁ።

የመጀመሪያው ጌም ቅዳሜ ነሐሴ 24 ነው፣ ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ጋር፣ እዚሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ከልጄ ጋር ነው የምገባው። ቀኑን ሳየው ተክልዬ ነው። እማዬ ንግሡ ላይ ትሄድ የለ፣ ለልጅ ልጇ ስትጸልይ ለዛ ለማሊክም አንድ ቃል ትጨምርለት፣ እንዳይሰበር፣ እናቱ ቁጭ ብላ እያየችው ነው በላት።

ወንድምህ