ክንፉን ከአውሮፕላኑ መለየት፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

አዳማ ለሚኖር ሰው የነፋስ ተርባይን ብርቅ አይደለም። ከትምህርት ቤታችን ፎቅ ላይ ሆነው ቀና ሲሉ ጋራው ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። ሁለቱ አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ተማሪዎቻችን ያደጉት እነሱን እያዩ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በተርባይን ጉዳይ ሲጠመድ ማንም አልገረመውም። የገረማቸው የራዳሩ ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ስንሰበሰብ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። የስዊድን መንግሥት በባልቲክ ባሕር ላይ ሊተከሉ የታሰቡ 13 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ከልክሏል የሚል ዜና አንብባለች። ምክንያቱ የአገር መከላከያ ነው። ተርባይኖቹ ቢተከሉ የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ጊዜ ከ2 ደቂቃ ወደ 1 ደቂቃ ሊወርድ ይችላል ተብሏል። «ቲቸር፣ ተርባይን ራዳር ያሳውራል እንዴ?» አለችኝ። ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በየዓመቱ አይገኝም። የያዝነውን ዕቅድ ወደ ጎን አደረግነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከወላጆች ጋር ሆነን ወደ ጋራው ወጣን። ግቢው ውስጥ አልገባንም፤ መንገድ ዳር ቆመን ቆጠርን። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ክንፍ እያየ ይቆጥራል። በደቂቃ 16 ዙር አገኘን። ከሩቅ ሲያዩት ዝግ ብሎ ነው የሚዞረው። የክንፉን ርዝመት በግምት 40 ሜትር ይዘን ደብተር ላይ ሠራነው። ጫፉ በአንድ ዙር 251 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት ሲሰላ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ልጆቹ አላመኑም፤ ሦስት ጊዜ ደግመው ሠሩት። ይህ እኮ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩበት ፍጥነት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ራዳር ሞገድ ይልካል፣ ነክቶ የተመለሰውን ይቀበላል። ግን ተራራውም፣ ሕንፃውም፣ ግንቡም ሞገድ ይመልሳሉ። ስለዚህ የማይንቀሳቀሰውን እየጣለ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ያስቀራል። የሚለየውም በዶፕለር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ ይለወጣል። ባጃጅ ክላክስ እየነፋ ሲያልፍ ድምፁ ሲቀርብ እንደሚቀጥነው፣ ሲርቅ እንደሚወፍረው ማለት ነው። ተርባይን ግን ቦታውን ሳይለቅ ይንቀሳቀሳል። ምሰሶው ቆሟል፣ ክንፉ ይበርራል። ራዳሩ ክንፉን እንደ አውሮፕላን ይቆጥረዋል። መቶ ተርባይን ሲሆን ደግሞ ስክሪኑ በሌለ ነገር ይሞላል። ከተርባይኖቹ ጀርባም ጥላ ይፈጠራል፤ እዚያ ያለው እውነተኛ አውሮፕላን ደብዘዝ ይላል።

ዶፕለርን በካልሲ ነው የተማርነው። ስልክ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ ከፈትን፣ ካልሲ ውስጥ ከተትነው፣ በገመድ አሰርነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሜዳ መሃል ቆሞ ከራሱ በላይ ያሽከረክረው ጀመር። ዙሪያውን የቆሙት ድምፁ ቀጠን ወፈር፣ ቀጠን ወፈር ሲል ሰሙ። የሚያሽከረክረው ልጅ ግን «ምኑ ነው የሚለወጠው? አንድ ዓይነት ነው» አለ። ተጨቃጨቁ። እሱን አስወጥተው ሌላ አስገቡ፤ አዲሱም እንደዚያው አለ። መሃል ላለው ሰው ስልኩ አይቀርብም፣ አይርቅም። ለካ ክርክሩ ሁሉ የቆሙበት ቦታ ነው! ተርባይንም እንደዚሁ ነው። ራዳሩ ክንፎቹን ፊት ለፊት ሲያያቸው የዶፕለሩ ለውጥ ትንሽ ይሆናል። ከጎን ሲያያቸው አንዱ ክንፍ ይመጣል፣ ሌላው ይሄዳል፣ ያኔ ግርግሩ ይበረታል። ተርባይኑ ደግሞ ነፋሱን ተከትሎ ፊቱን ያዞራል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር የራዳሩ ምስልም ይቀየራል። ይህን ከእኔ በፊት የተናገረው ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። በጣም ኮራሁበት።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የግንባታ ጊዜ ነበር። አልትራሳውንድ ሴንሰር ሰርቮ በሚባል፣ በታዘዘው ማዕዘን ልክ በሚዞር ትንሽ ሞተር ላይ ገጠምን፣ ከአርዱኖ ጋር አገናኘን፤ አርዱኖ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። በድምፅ የሚሠራ ትንሽ «ራዳር» ሆነልን፤ ላፕቶፑ ላይ አረንጓዴ መስመር ግራ ቀኝ ይጠርጋል። እርግጥ ይህ ሴንሰር ርቀት እንጂ ዶፕለር አይለካም። ለእኛ ዓላማ ግን በቂ ነበር። መጀመሪያ አርዱኖው በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳ ነበር፤ ሞተሩ ኃይሉን እየሳበበት መሆኑን እስክንደርስበት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ለሞተሩ የራሱን ባትሪ ሰጠነውና ተገላገልን። ለተርባይኑ ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ተዋስን። ሦስት የካርቶን ክንፍ አሰርንበት። አውሮፕላናችን በሲባጎ የሚጎተት የካርቶን ቁራጭ ነው።

ጎማው ሲዞር ስክሪኑ ላይ ነጥብ ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቶሎ መፍትሔ አመጣ። ጎማው ባለበት አቅጣጫ፣ ከ70 እስከ 110 ዲግሪ ያለውን አታሳይ የሚል መስመር ኮዱ ላይ ጨመረ። ስክሪኑ ጥርት አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ዜናውን ያመጣችው ልጅ ሲባጎውን ሳብ አደረገች። አውሮፕላኑ 70 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ጭብጨባው ቆመ። እኔ እንደ መምህር የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነበር እላለሁ። ማጥፋት ቀላል ነው። መለየት ነው ከባዱ።

እዚህ ላይ የእንግሊዝን ታሪክ ነገርኳቸው። በኖርፎክ ባሕር ዳርቻ ትሪሚንግሃም የሚባል የአየር መከላከያ ራዳር ጣቢያ ነበር። አካባቢው ባሕር ላይ ብዙ ተርባይን ሊተከል ነበር። የነፋስ ኃይል ኩባንያዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ቲፒኤስ-77 የተባለ አዲስ ራዳር ተገዛ። ከዘዴዎቹ አንዱ ተርባይኖቹ ባሉበት ክልል አዲስ ምልክት በራሱ እንዳይመዘገብ ማድረግ ነው፤ ወደ ክልሉ ከመግባቱ በፊት የታየውን ግን መከተሉን ይቀጥላል። ከእኛ ኮድ በብዙ የተሻለ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የመከላከያ ሚኒስቴሩ በዚህ ራዳር ላይ የተመሠረቱ የመፍትሔ ሐሳቦችን መቀበል አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌላ መንገድ ለሚያመጡ 2 ሚሊዮን ፓውንድ መድቦ ውድድር ከፈተ። ቴልስ፣ ሳብና ኪኔቲክ የተባሉት የመከላከያ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከአሸናፊዎቹ መካከል ነበሩ። ልጆቹን ያስደሰታቸው እነዚያ ትልልቅ መሐንዲሶችም እንደ እነሱ ወደ መነሻው ተመልሰው ማሰባቸው ነው።

ከዚያ በኋላ እየተከፋፈሉ ሞከሩ። አንደኛው ቡድን ጎማውን ከካርቶን ሳጥን ጀርባ አደረገ፤ ከኮረብታ ጀርባ መትከል ማለት ነው። ይሠራል፤ ግን ነፋስ ያለው አናቱ ላይ ነው፣ ባሕር ላይ ደግሞ ኮረብታ የለም። ሁለተኛው ቡድን ክንፎቹን በስፖንጅ ለበጠ። የሚመለሰው ድምፅ ቀነሰ። በደቡብ ፈረንሳይ ፔርፒኞ አጠገብ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ማመንጫ እንዲህ ያለ ሞገድ የሚውጥ ክንፍ ያላቸው 35 ተርባይኖች አሉት። እዚያ የተቸገረው የአየር ትንበያ ራዳር ነበር። የእኛ ስፖንጅ ግን ክንፉን አከበደውና ጎማው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። በግራምና በሴንቲሜትር አስልተው ማመጣጠን ነበረባቸው፤ የሒሳብ መምህራችን ያኔ ስለረዱን በክበቡ ስም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው ቡድን ሁለተኛ ሴንሰር በጎን በኩል አቆመ። አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። መጀመሪያ ሁለቱ ሴንሰሮች አንዱ የላከውን ሌላው እየሰማ ተደበላለቁ፤ ተራ በተራ እንዲልኩ ስናደርግ ተስተካከለ። አውሮፕላኑ በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ሲጠፋ በሁለተኛው ላይ ቁልጭ ብሎ መጣ። ቤተ ሙከራው በጩኸት ተናጋ፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ምን ሆናችሁ ብለው መጡ።

በወላጆች ቀን ማሳያችንን ስናቀርብ መብራት ጠፋ። ላፕቶፖቹ ባትሪ ስለነበራቸው ቀጠልን። አንድ አባት «ታዲያ ተርባይኑን አለመትከል አይቀልም?» ብለው ጠየቁ። የ10ኛ ክፍሏ ልጅ ናት የመለሰችው። «አባባ፣ መብራቱም ያስፈልገናል፣ ጠባቂውም ያስፈልገናል» አለቻቸው። ከዚያ የአሜሪካን ምሳሌ አነሳች። በኦሪገን ሼፐርድስ ፍላት የተባለው 845 ሜጋ ዋት ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 በአቅራቢያው ባለ ራዳር ምክንያት በመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ተይዞ ነበር። ጉዳዩ ተጠንቶ ተለቀቀ፤ ተሠራም። ሲባጎውንም ለሰውየው ሰጠቻቸው። ራሳቸው እየጎተቱ ሁለቱንም ስክሪን አዩ።

ያልጨረስነው አንድ ነገር አለ። የሁለቱ ሴንሰሮች ምስል እስካሁን በሁለት ላፕቶፕ ላይ ነው የሚታየው። ወደ አንድ ስክሪን ማምጣት አልቻልንም። የ11ኛ ክፍሉ ተማሪ ኮዱን በፍላሽ ይዞ ለክረምት ወደ ቤቱ ሄዷል። ሴንሰሮቹና አርዱኖው ቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ጎማውን ለጥበቃው መልሰናል፤ መስከረም ላይ እንደገና እንዋሰዋለን።